ጉንጩን የሰጠው ዝም አላለም

ከተራራው ስብከት ውስጥ የጉንጩን ትእዛዝ ያህል ያለ ቦታው የዋለ የለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለንስሐ አባቷ ስታለቅስ፣ መሬቱን የተቀማ ገበሬ አቤት ሲል፣ ልጁ በጥይት የወደቀበት አባት ፍትሕ ሲጠይቅ፣ ሌላውንም ጉንጫቸውን እንዲሰጡ ተመክረው የተሸኙ ብዙዎች ናቸው። ለመቺው ግን ስለ እጁ የሚነግረው አይገኝም። እንዲህ ያለው ስብከት የወንጌል ሰላም ሳይሆን ለጉልበተኛ የሚከፈል ግብር ነው።

ወንጌሉ ራሱ ሌላ ነገር ያሳያል። በዮሐንስ ምዕራፍ 18 ላይ ኢየሱስ ታስሮ በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲመረመር ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ ይመታዋል። እርሱም ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲመሰክርበት፣ ካልሆነ ግን ለምን እንደተመታ እንዲነግረው መቺውን ጠየቀ። እጁን አላነሳም፤ ጥያቄውንም አልዋጠም። ይህ የሆነው ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ባዘዘበት በዚያው ሌሊት ነው። ሄሮድስ ሊገድለው እንደሚፈልግ በተነገረው ጊዜም ገዥውን ቀበሮ ብሎ ከመጥራት አልተመለሰም።

አሜሪካዊው የአዲስ ኪዳን ምሁር ዋልተር ዊንክ ማቴዎስ «ቀኝ» ጉንጭ ማለቱን አጥብቆ ያየዋል። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ከፊቱ የቆመውን ቀኝ ጉንጩን የሚያገኘው በመዳፉ ጀርባ ነው። ይህ ደግሞ የበላይ የበታቹን የሚያዋርድበት ምት ነበር። ግራውን የሚሰጥ ሰው እንግዲህ ውርደቱን አልቀበልም ማለቱ ነው። ሁሉም ሊቃውንት አይስማሙበትም፤ የዮሐንስ ታሪክ ግን ወደዚያው ያመለክታል።

ይህን በሕይወታቸው ያሳዩ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ወለጋ ተወልደው፣ ነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰው ነፍስና ሥጋ ተለያይተው እንደማይታዩ ሲሞግቱ የተገሠጹት የውጭ ረጂዎች ነበሩ። ደርግ ሲመጣም ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት አፍ ለማድረግ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበሉም። ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ባለችው አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ታፈኑ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ተይዘው፣ ተገርፈው፣ አሥር ዓመት ገደማ በእስር አሳለፉ። ሰማዕትነት ሲወራ የፀሐይ ቶሎሳ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ከመንበራቸው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የሁለቱም አፅም ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በነገረ መለኮት የማይገናኙትን ሁለት አባቶች ያገናኛቸው የአንድ መንግሥት ፍርሃት ነበር። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ለምን ያን ያህል አስፈራ?

መልሱ በከፊል የሚገኘው ከምሥራቅ ጀርመን ነው። የዚያ አገር የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሽታዚ የደርግን ደኅንነት አሠልጥኗል። በላይፕዚግ ከተማ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ስለ ሰላም ይጸለይ ነበር። መስከረም 29 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር ኃይል አሰለፈ፤ የፓርቲ አባላትም የቤተ ክርስቲያኑን ወንበር ቀድመው እንዲይዙ ተላኩ። ቄስ ክርስቲያን ፉረርና ባልደረቦቻቸው ሕዝቡ አንድ ድንጋይ እንዳይወረውር ለመኑ። ከጸሎቱ በኋላ 70,000 ያህል ሰው ሻማ ይዞ ወጣ። ሻማ የያዘ እጅ ነፋሱን ሊከልልበት ሌላውን እጅ ይፈልጋልና ለድንጋይ የሚተርፍ እጅ የለም። ጥይት አልተተኮሰም። ልክ በወሩ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ለውጡን ያመጣው ጸሎት ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ የሞስኮ መለሳለስና የኢኮኖሚው መድቀቅም አለበት። ሆኖም ያን ምሽት ተኩስ ለመክፈት የሚያስፈልገውን ሰበብ ምእመናኑ ለመንግሥት አልሰጡትም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያን ጥይት የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ አርበኞቹ ደግሞ ጠመንጃ የያዙ ናቸው። እሳቸውን የሰላማዊ ትግል መምህር ማድረግ ታሪክን ማጣመም ነው። አገሩን የተወረረ ሰው ከሰይፍ ሌላ አማራጭ ነበረው ወይ የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኖችን ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል፤ በአንድ የጋዜጣ ገጽም አይዘጋም። አቡነ ጴጥሮስና ቄስ ጉዲና የሚገናኙት በሌላ ነው፤ ሁለቱም ገዥው የፈለገውን ቡራኬ ነፈጉት። ነፍሰ ገዳይ ኃይል ከቤተ ክርስቲያን አብዝቶ የሚሻው ይህንኑ ቡራኬ ነው፤ ባያገኘው እንኳ ዝምታዋን ይሻል።

በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ከየወገኑ ለጦር የሚባርኩ ሰባክያን ታይተዋል። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ በ2013 ዓ.ም. በወጣ የቪዲዮ መልእክታቸው ድምፃቸው መታፈኑን ተናግረዋል። የትግራይ አባቶች በሲኖዶሱ ዝምታ አዝነው የራሳቸውን ጳጳሳት ሲሾሙ ቁስሉ በግልጽ ታየ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የጠመንጃው አፈ ሙዝ ግን በአማራም በኦሮሚያም አልቀዘቀዘም። ወንጌላውያኑም ካቶሊካውያኑም ለጦር ባረክን ወይስ ዝም አልን ከሚለው ጥያቄ ነፃ አይደሉም።

ቅዳሴው ስለ ሰላም የሚለምንበት ክፍል አለው፤ የወንጌላውያኑም ጉባኤ ስለ አገር ሳይጸልይ አይበተንም። በዚያች ሰዓት ከሁለቱም ወገን የሞቱት ይታሰቡ፤ የሌላው ብሔር ልጅ ስም ጭምር ይጠራ። የታሰረው ይጠየቅ፤ የተፈናቀለው በአጥቢያው አዳራሽ ይጠለል። ባለሥልጣን ለቡራኬ ሲመጣ ሰባኪው በየዋህነት፣ ነገር ግን ሕዝብ በሚሰማው ድምፅ፣ ይህ ሰው ለምን ተመታ ብሎ ይጠይቀው።