ከቃሉ በፊት ሰውየው ይታያል

ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን እናት ቡና ላይ ምሬቷን አካፈለችኝ። «ልጄ አልሐምዱሊላህ ሰላቱን አያጓድልም፤ ሰው ወደ ዲን መጥራትም ጀምሯል። ግን ሲናገር ፊቱን ይቋጥራል፣ ይጮኻል። የአክስቱ ልጅ እሱን ፈርታ ቤታችን መምጣት ተወች» አለችኝ። ልጁ ሊያቀርብ አስቦ አራቀ ማለት ነው።

በነርስነት ዘመኔ ቤት ለቤት ስለ ክትባት ስናስተምር፣ እናቲቱ ምክሬን ከመስማቷ በፊት ጋውኔን፣ ጥፍሬንና የሰላምታዬን አኳኋን ታይ ነበር። ጥፍሩ የቆሸሸ ሰው ስለ ንጽሕና ቢያስተምር ማን ይሰማዋል? ዳዕዋም እንዲሁ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሳይለቀው መስጂድ እንዳይመጣ መክረዋል። በሚስዋክ ጥርስን ማጽዳትን፣ ለጁሙዓ ታጥቦ ሽቶ መቀባትን አስተምረዋል። ይህ ሁሉ አጠገባችን ላለው ሰው ማሰብ ነው። ውድ ልብስም አያስፈልገውም፤ የታጠበ ልብስ፣ የተቆረጠ ጥፍርና ንጹሕ አፍ ይበቃል።

ከሂጅራ በፊት ሰዎችን እንዲያስተምር ወደ መዲና የተላከው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር፣ መካ ሳለ በአለባበሱ ማማር የታወቀ ወጣት ነበር። መዲና ላይ ግን የረዳው ጠባዩ ነው። ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር ጦር ይዞ ሊያባርረው ሲመጣ ሙስዐብ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ እንዲሰማ፣ ከወደደው እንዲቀበል፣ ከጠላው ግን እንደሚተዉለት በለሰለሰ ቃል ነገረው። ኡሰይድ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ፤ ሰምቶም ሰለመ።

ወደ አገራችን የተሰደዱት ሶሐባዎችም እንዲሁ ናቸው። በንጉሥ ነጃሺ ፊት ሲቀርቡ ሁሉም አልተንጫጩም፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ስለ ሁሉም ተናገረ። እምነቱን ሳይደብቅ፣ የንጉሡንም ክብር ሳይነካ መለሰ፤ ስለ መርየም ከቁርኣን አነበበ። ነጃሺ አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ልጨምር። ኡሰይድ ካልፈለገ ተነስቶ መሄድ ይችል ነበር። አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ግን ይህን አይችልም። ስለዚህ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት ሲታመም ልጆቻችን ሊጠይቁት ይሂዱ፤ ውኃ ያቀብሉት፣ ትራሱን ያስተካክሉለት፣ «አይዞህ» ብለውት ይመለሱ። በድካሙ ሰዓት ለክርክር ማፋጠጥ ነውር ነው።

ታዲያ ወላጆች ምን እናድርግ? ልጁን በሰው ፊት አናዋርደው፤ የምንነቅፈውን ቁጣ ራሳችን ልናስተምረው ነውና። ለብቻው ጠርተን፣ ቅናቱ መልካም መሆኑን ነግረን፣ ከዚያ ስለ አነጋገሩ እንምከረው። ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ንጹሕ ነኝ? ሰውየው ለመስማት ጊዜ አለው? «አይሆንም» ቢለኝ በሰላም እለየዋለሁ?

ከሁሉም በላይ ለታናናሾቹና ለቤት ሠራተኛዋ እንዴት እንደሚናገር ተመልከቱ። እዚያ ያልለሰለሰ አንደበት ውጭ ወጥቶ ድንገት አይለሰልስም። ሰላም ሰንብቱ።