አቂቃው ወጥቷል፤ የሕፃኑ ስም ግን የጤና መድን ደብተሩ ላይ አለ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፦ ልጅ ሲወለድ የሚረሳ ነገር ያለ አይመስልም። አዛን ይባልለታል፣ በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣለታል፣ አቂቃ ይታረዳል፣ ዘመድ ጎረቤት ይጠራል። «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድግላችሁ» የሚለው መልእክት ስልኩን ያጨናንቀዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ደስ የሚል ነው። አንድ ሥራ ግን ብዙ ቤት ውስጥ ሳይሠራ ይቀራል፦ የሕፃኑን ስም ቤተሰቡ የጤና መድን ደብተር ላይ ማስመዝገብ።

የማወራው ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ከተሞችም ደርሷል። የታሰበው ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ነው፤ ሱቅ ለሚነግደው፣ ባጃጅ ለሚነዳው፣ ልብስ ለሚሰፋው። በከተማ ያለን አብዛኞቻችን ማለት ነው። አባልነቱ በቤተሰብ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ባል፣ ሚስትና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በአንድ መዋጮ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ አዲሱ ልጅ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው። መመዝገብ ግን አለበት።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? ሦስት ምክንያት ደጋግሜ እሰማለሁ።

አንደኛው «ሕፃን በነፃ ነው የሚታከመው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና ክትባት በነፃ ይሰጣሉ። ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ሲከተብ ማንም ሒሳብ አይጠይቃችሁም። ነገር ግን ክትባትና ሕክምና አንድ አይደሉም። ልጁ በአራት ወሩ ደረቱ ተዘግቶ ሌሊት ጤና ጣቢያ ቢገባ፣ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ቢተኛ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱና አልጋው ሒሳብ ሊኖራቸው ይችላል። ደብተሩ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው «እድሳት ሲደርስ አብረን እናስገባዋለን» ነው። እድሳት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እድሳቱ ባለፈ ማግስት የተወለደ ልጅ ዓመት ሊሞላው ነው ማለት ነው። ልጅ ለሞት በጣም የሚጋለጠው ደግሞ ከተወለደ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ወር ነው። የሚጠበቅበትን ወቅት አሳልፈን ነው ልጁን የምናስመዘግበው።

ሦስተኛው «መድን ሐራም አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማጣጣል አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የንግድ መድንን ከልክሏል፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን ግን በአማራጭነት አስቀምጧል። የማኅበረሰቡ መድን ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን የለውም። ጎረቤት የሚያዋጣው ገንዘብ ከመንግሥት ድጎማ ጋር ሆኖ የታመመውን ያሳክማል። ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ ስላልሆነ ዝርዝሩን ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ግን በእርግጥ ጠይቁ። «ሐራም ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሳይጠይቁ መተው ጥንቃቄ አይደለም። ተወኩልም ቢሆን ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ወላጅ ላይ መጣል አልፈልግም። ልጁ የተወለደው ጤና ተቋም ውስጥ ከሆነ፣ መወለዱን የሚያሳውቀውን ወረቀት የሚሰጠው ያው ተቋም ነው። ያ ወረቀት የልደት ምዝገባው መነሻ ነው። ታዲያ እዚያው ስሙ ለምን የጤና መድን መዝገብ ላይ አይገባም? አባት ለአንድ ልጅ ለልደት አንድ መስኮት፣ ለመድን ሌላ መስኮት የሚመላለስበት፣ «ነገ ና» የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። ቢሮዎቹ እርስ በርስ ቢነጋገሩ ብዙ ሕፃናት በተወለዱበት ቀን ይመዘገቡ ነበር። ይህን በየወረዳው ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተን መጠየቅ አለብን።

እስከዚያው ግን ሥራው የኛ ነው፤ በተለይ የአባቶች። እናት አራስ ናት፤ ወረፋ ልትይዝ አይገባም። ወንድሜ፣ በጉን ለመግዛት ገበያ የወጣህበት ሳምንት ወረዳም ሂድ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጤና ተቋሙ የሰጠህን ወረቀት፣ የሁለታችሁን መታወቂያና የመድን ደብተሩን ይዘህ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ጉዞ ሞክር። ሌላ የሚጠይቁት ካለ ቀድመህ ጠይቅ። የልጁ ስም መጻፉን በዓይንህ ሳታይ አትመለስ። ድርጅት ውስጥ ተቀጥረህ የሕክምና ሽፋን ያለህ ከሆነ ደግሞ ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ልጅ መውለድህን ካልነገርካቸው አያውቁም።

የመስጂድ ወጣቶችም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። አቂቃ ስትጠሩ፣ ከ«ሙባረክ» ቀጥሎ «ደብተሩ ላይ አስገባችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መዋጮ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ካለ ለመክፈል አቅም ለሌላቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት መንገድ ስላለ ወደ ቀበሌው አብራችሁት ሂዱ። ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ጀማዓው ተዋጥቶ የዓመቱን ይክፈልለት። ለአራስ ቤት ከሚወሰደው ስጦታ ሁሉ ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ነው።

ልጅ አማና ነው። አላህ ልጆቻችንን ጤነኛና ሷሊሕ ያድርግልን፤ ደብተሩንም የማንፈልገው ያድርገን። አሚን።

በቅርቡ ልጅ ለተወለደለት ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።