በርቀት የሚነሣ ሞተርና የመንዝ ዳገት

በመሐል ሜዳ ውርጭ ያደረበትን የዲዝል ሞተር ከቤት ሳይወጡ በሪሞት ማስነሣት ማንኛውንም ሾፌር ያጓጓል። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሞተር ቶሎ አይሞቅምና ፍላጎቱ ቅንጦት ሊባል አይገባውም። ችግሩ ማርሹ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ዳገቶች ልምድ ያለው ሾፌር በእጅ ፍሬን ብቻ አይተማመንም፤ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማውንም በድንጋይ አስደግፎ ይወርዳል። ሪሞት ግን ፍሪሲዮን አይረግጥም፤ ማርሽ እንደገባ ከሆነ ሞተሪኖው መኪናውን ራሱን ይገፋዋል።

ለማንዋል መኪና ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎች መላ አላቸው። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል፤ በሮቹ ሲዘጉ ሞተሩ ይጠፋል። ያለ ፍሪሲዮን ቆሞ ይሠራ የነበረ ሞተር ማርሹ ፎሌ ላይ እንደነበረ ምስክር ነው። በኋላ አንድ በር ከተከፈተ መሣሪያው ማስነሣቱን ይሰርዛል። ስለዚህ የበር መቆለፊያውን የሚዘረጋ ባለሙያ የአንዱን በር ጠቋሚ ሽቦ ቢዘለው፣ የቀረው የሞተሩ ጥበቃ ነው።

ሥራው ያለ እንከን ቢጠናቀቅ እንኳ መኪናው በፎሌ ማደሩ አይቀርም። መቆለፊያው የራሱ ፊውዝ ተበጅቶለት ይገጠም። በማንዋል መኪና ላይ ግን ማስነሻው የሚገባው ሜዳ ላይ ለሚያድር ብቻ ነው።