የሞተሩ ሰንሰለት የማን ወጪ ነው?

ከወላይታ ሶዶ እስከ ጋምቤላ በሞተር ሳይክል ሰው ማመላለስ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው። ብዙዎቹ የሚነዱት ግን የሰው ሞተር ነው። ማታ ለባለቤቱ የተስማሙበትን ገቢ ያስረክባሉ፤ የተረፈው የእነሱ ነው። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ስለሆነ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይታለፋል፦ ሰንሰለቱ ሲያልቅ ማን ይከፍላል?

ባለቤቱ በትንሽ ወጪ መገላገል ይፈልጋል። ነጂውም ነገ ሊለቀው ለሚችለው ሞተር ከኪሱ ማውጣት አይፈልግም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሰንሰለቱ ብቻ ይቀየር፣ የፊትና የኋላ ጥርሶቹ ይቆዩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሰንሰለት እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይደለም የሚረዝመው። የሚበሉት መጋጠሚያዎቹ ናቸው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት ሲፈጠር አጠቃላይ ርዝመቱ ይጨምራል፤ የረዘመው ሰንሰለት ጥርሶቹን እየሞረደ እንደ መንጠቆ ያጎብጣቸዋል። አዲስ ሰንሰለት በጎበጠ ጥርስ ላይ ሲገጠም ከዕድሜው በፊት ያልቃል። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ይቀየራሉ።

መለካቱም ከባድ አይደለም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ብዙ ሞተሮች የሚጠቀሙት 428 የሚባለውን ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው 4 በሁለት ፒኖች መካከል ያለውን ርቀት ያመለክታል፤ ይኸውም ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊሜትር ነው። 420ም ርቀቱ ያው ነው፤ ግን ይጠብባል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የ428 ሰንሰለት 20 ክፍተቶች አዲስ ሲሆኑ 254 ሚሊሜትር ናቸው። ወጠር አድርገው ሲለኩት 5 ሚሊሜትር ያህል ከጨመረ ጊዜው አልፏል።

የጥርስ ቁጥርም በዘፈቀደ አይመረጥም። ከፊት 14፣ ከኋላ 42 ያለው ሞተር የፊቱ 15 ቢሆን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ሁለት ሰውና ጆንያ ጭኖ ኮረብታ ለሚወጣ ሞተር ይህ ትርፍ አይደለም።

«ሙሉውን ለመቀየር አቅም የለም» የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ነገር ግን ሰንሰለት ሲበጠስ የሚመጣው ወጪ ከዚህ ይበልጣል፤ የሞተሩን ሽፋን ሊሰብር ወይም የኋላውን ጎማ ባለበት ሊያስቆመው ይችላል። ያኔ የሚወድቀው ነጂው ብቻ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ስለ ሰንሰለቱ ማንም አላማከረውም።

ስለዚህ ውሉ ይስተካከል። ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ የባለቤቱ ወጪ ይሁኑ፤ ሞተሩ የእሱ ሀብት ነውና። ማጽዳቱ፣ ዘይት መቀባቱና ውጥረቱን ማስተካከሉ የነጂው ሥራ ይሁን። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራም መብራትና ፍሬን እንደሚታዩ ሁሉ የሰንሰለቱ ርዝመት ይለካ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ብቻ ነው።