ብሬተን ዉድስ በደብረ ብርሃን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። ከአንድ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ተሻገረ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በዕለቱ ዋሽንግተን ላይ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ዓመት ሲሞላው አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ክርክሩ መንግሥት ወዶ ነው ተገዶ በሚለው ዙሪያ ሲከር፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በባሶና ወራናና በአንጎለላና ጠራ ወረዳዎች ለሚያርሰው ገበሬ ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ማዳበሪያ ስንት ሊገባ ነው? ገብሱስ ስንት ያወጣ ይሆን?

ይህ ደጋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተፈራረቁትን የኢኮኖሚ ሥርዓቶች አንድ በአንድ አይቷቸዋል። እያንዳንዳቸው ደብረ ብርሃን ላይ አንዳንድ ነገር አቁመው አልፈዋል፦ መንገድ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብቅል ፋብሪካ። ጎን ለጎን ሲታዩ ዛሬ ስለ ምንዛሪና ስለ ብድር ከሚነገረው ብዙው የማይነካውን አንድ ነገር ያሳያሉ። ሥሩን በዙሪያው እርሻ ላይ የተከለ ፋብሪካ የዓለም ነፋስ ሲዞር የሚይዘው ነገር አለው። ሩቅ አገር በተጻፈ አንድ ወረቀት ላይ የቆመ ግን ወረቀቱ ሲቀደድ አብሮ ይንገዳገዳል።

ሰሜን ሸዋ ለውጭ ንግድ እንግዳ አልነበረም። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረች። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ዋናው መገበያያ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት የኦስትሪያ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ነበር። በኋላ የምኒልክ መናገሻ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲዛወርና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ ሲራራው ሌላ መንገድ ያዘ፤ አልዩ አምባም ደበዘዘች።

ጠገራው ግን እስከ ጦርነቱ ማግስት ዘለቀ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944 በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ የ44 አገሮች ልዑካን የድኅረ ጦርነቱን የገንዘብ ሥርዓት ሊነድፉ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ወንበር ነበራት። ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና የመንግሥት ባንክ ገዢ የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ወከሏት። አብዛኛው አፍሪካ ያኔ በቅኝ ገዢዎቹ ስም ይነገርለት ነበር። በዓመቱ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ጠገራውንና እንግሊዞች ያስገቡትን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሊተካ ወጣ። ብር መመዘን የለመደው ሕዝብ እንዲቀበለው ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን ተሠራ፤ ማዕድኑን በአበዳሪና አከራይ ሕጓ ያቀረበችው አሜሪካ ነበረች።

በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ለኢትዮጵያ ተፈቀደ፦ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ። በወራት ውስጥም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሥራው ጣሊያን ሠርቷቸው የተጎዱትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስ ነበር። ከነዚህ መንገዶች አንዱ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣርማ በርን በዋሻ ሰንጥቆ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም አሰብ ወደብ ይደርሳል። አልዩ አምባን የሸሸው ንግድ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሸዋ ተመለሰ፤ ደጋውም ዳግም ከባሕር ጋር ተገናኘ።

በ1950ዎቹ ደግሞ የጊዜው ቋንቋ ተለወጠ። የላቲን አሜሪካና የእስያ መንግሥታት ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ምርት የመተካት መንገድ ይከተሉ ነበር። የኢትዮጵያ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ሲነደፉ የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት፤ በዚያው መንፈስ የተተከሉት ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ቦታውም በዘፈቀደ አልተመረጠም። መንዝ የበግ አገር ነው። ሴቶች ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ባናውን ይሸምናሉ፤ ውርጭ ለሚያድርበት ደጋ ከባና የተሻለ መከላከያ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል ኮሪዴልን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎችን ከመንዝ በግ ጋር ማዳቀል ጀመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ሻካራውን ጠጉር አለስልሶ ፋብሪካውን ከደጃፉ መመገብ።

ሐሳቡና ውጤቱ ግን አልተገናኙም። ገበሬው በግ የሚያረባው ከሁሉ በፊት ለሥጋና ለገበያ ነው፤ መልኩ የማያውቀውን ዲቃላ አውራ ለመቀበል አመነታ። ማዕከሉም ከጊዜ በኋላ ፊቱን ወደ ሥጋ አዞረ። ገበሬውን ከፋብሪካው የሚያስተሳስር አስተማማኝ የጠጉር ዋጋና ገበያ ሳይበጅ፣ ዓለም በሰው ሠራሽ ክር ተጥለቀለቀ። የጠጉር ንጉሥ የነበረችው አውስትራሊያ እንኳ ዋጋ ለመደገፍ ስትገዛ ከርማ እ.ኤ.አ. በ1991 ከ4 ሚሊዮን በላይ እሽግ ጠጉር መጋዘን ታቅፋ እጅ ሰጠች። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ገበያ ሲከፈት ሰልባጁና ቀላሉ የውጭ ብርድ ልብስ ገባ።

ከዚያ በፊት ግን ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ሌላ ነገር ደብረ ብርሃን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን ከወርቅ ፈታ። ብር በወርቅ የተተመነ ስለነበረ ዶላሩ በወረደ ቁጥር ከ2.50 ወደ 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 2.07 መጣ። ወዲያው የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ገደማ ተወነጨፈ። መንግሥት ቤንዚን ላይ ሲጨምር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የቀረው የአብዮቱ ታሪክ ነው። ደርግ መሬትን የሕዝብ ንብረት አድርጎ አወጀ፣ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ የደብረ ብርሃኑም በመንግሥት እጅ ገባ። የካፒታሊዝምን ቅርስ ሁሉ ሊነቅል የተነሣው መንግሥት ግን በኒክሰን ውሳኔ የተፈጠረችውን 2.07 አልነካትም። ከደርግም ዕድሜ አልፋ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆየች፤ ያኔ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነች።

ያ ተመን መለዋወጫ ርካሽ ቢያስመስልም ዶላሩ አልነበረም። የደብረ ብርሃን ማሽን መለዋወጫ የሚገዛው ጂማና ሲዳሞ ቡና ሸጠው ባመጡት ምንዛሪ ነው። የቡናን ዋጋ በኮታ ይደግፍ የነበረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው በወራት ውስጥ ክፉኛ ወደቀ፤ በሸዋ ብርድ ልብስና በጂማ ቡና መካከል ያለው ክር የታየውም ያኔ ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ሁለት ፋብሪካዊ ውርርዶች ጎን ለጎን ይቆማሉ።

የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነፃ በር የከፈተችበትን አጎዋን እ.ኤ.አ. በ2000 አወጀች። የኢትዮጵያ ትልቁ የልብስ ስፌት ፓርክ፣ የሐዋሳው፣ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ደግሞ በ2011 ዓ.ም.። ጨርቁ ከውጭ ገብቶ፣ ተሰፍቶ፣ ከጅቡቲ ተጭኖ የሚወጣበት ስሌት የቆመው በዚያ ነፃ በር ላይ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሲጋጋም ዋሽንግተን ኢትዮጵያን ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገደች። ሐዋሳ ላይ ስመ ጥሩው ፒ ቪ ኤች ከእገዳው አስቀድሞ ፋብሪካውን ዘጋ። የደብረ ብርሃኑ ፓርክ በሩ ሲዘጋበት ከተመረቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ሁለተኛው ቢራው ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ግድም ሐበሻና ዳሸን ደብረ ብርሃን ላይ ጠመቃ ጀመሩ፤ ሐበሻ ውስጥ የሆላንዱ ባቫሪያ፣ በኋላ ስዊንክልስ፣ ዋና ባለድርሻ ነው። ቀጥሎ መቀመጫው አንትወርፕ የሆነው ቡርትማልት የብቅል ፋብሪካ ተከለ። ኢትዮጵያ ለዓመታት ብቅል ከአውሮፓ ስታስገባ ኖራለች። አሁን የሸዋ ደጋ ገበሬ የቢራ ገብስ በውል እየዘራ ለዚያው የአውሮፓ ኩባንያ ይሸጣል። በፓርኩም በቢራውም የውጭ ባለሀብት አለ፤ ልዩነቱ ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው። ብር ሲወርድ የውጭ ብቅል ይወደዳል፤ የአገሩ ገብስ ይፈለጋል። ያው የምንዛሪ ለውጥ ጨርቅ አስገብቶ በብር የሚሸጠውን ሲያሳስብ ገብስ የሚያመርተውን ሊጠቅም ይችላል።

ተቃውሞ አይጠፋም። ባንግላዴሽ በቂ ጥጥ ሳይኖራት አይደል ዓለምን ያለበሰችው? እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን ሙሉ ማየት ይገባል። ደሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 130 ሠራተኞቹን ኮሪያ፣ ዴዉ ፋብሪካ ልኮ አሠልጥኗል። የሀብታም አገሮች የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሥርዓት እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ማብቂያ ሲቆይ ባንግላዴሽ የተማረችበት ሩብ ክፍለ ዘመን አግኝታለች፤ ቺታጎንግ ወደቧም እደጇ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ አጎዋ 16 ዓመት ሲሞላው ነው በትልቁ የገባችበት፤ ጦርነቱም የምትማርበትን አጭር ጊዜ አቋረጠባት። ፓርኮቹ መዘጋት አለባቸው ማለት አይደለም። ለእነሱ ከተሰጠው ትኩረት፣ ብድርና መሬት ሩብ ያህሉ ለገብስ፣ ለጠጉርና ለቆዳ ትስስር ቢሰጥ ኖሮ ግን አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይሆን ነበር።

የገብሱም መንገድ የተጠረገ አይደለም። ማዳበሪያ በዶላር ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲሰቅለው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር ሲወርድ፣ ገበሬው ከገብሱ ያተረፈውን ማዳበሪያው ሊበላው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ይዘጋል፤ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ናቸው። ሰላም በሌለበት ውል መፈረም ቀላል፣ ማስፈጸም ግን ከባድ ነው።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ ወለድ ሳትከፍል ከቀረች ወዲህ ከአበዳሪዎች ጋር ስትደራደር ቆይታለች። ድርድሩ የሚለካው ስንት ዶላር ተቀነሰ በሚለው ነው። ለሰሜን ሸዋ የሚጠቅመው መለኪያ ግን በየመኸሩ መባቻ ሊታይ የሚችል ነው፦ አንድ ኩንታል የቢራ ገብስ ስንት ኪሎ ማዳበሪያ ይገዛል? የገንዘብ ሚኒስቴርና የክልሉ ግብርና ቢሮ ይህችን ቁጥር በየዓመቱ ቢያወጡ፣ ብቅል ፋብሪካውና የገበሬ ማኅበራቱም ሲዋዋሉ የገብሱን ዋጋ ከማዳበሪያው ዋጋ ጋር ቢያያይዙ፣ ቀጣዩ የምንዛሪ ለውጥ ሸክሙን በማን ላይ እንደሚጥል ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ያውቃል።