አምስት በመቶ ተመላሹን ማን ከፈለው?



ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ በዚህ ከከፈልኩ አምስት በመቶ ይመለስልኛል፤ ነፃ ብር ነው» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ሳይጠየቅ «ሐራም ነው!» ብሎ ፈረደ። ሁለቱም ሳያጣሩ ነው የተናገሩት።

ነፃ ብር የለም ወንድሜ። በስልክ ስትከፍል ሻጩ ለአገናኙ ድርጅት ኮሚሽን ይከፍላል፤ ድርጅቱ ከዚያ ላይ ቆንጠር አድርጎ ለአንተ ይመልሳል፣ ወይም ለማስታወቂያ ከያዘው በጀት ይሰጥሃል። አንዳንዱ ባለሱቅ ደግሞ ኮሚሽኑን ዋጋው ላይ ይጭነዋል። ጫማው ሌላ ሱቅ 1500 ብር፣ ተመላሽ ያለበት ሱቅ 1650 ብር ነው እንበል። የሚመለስልህ 82 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አንተ ደስ ብሎህ ትወጣለህ፤ 67 ብር ከ50 ግን ከኪስህ ሄዷል። ያውም ተመላሹ ቀኑ ሲያልፍ የሚቃጠል ቦነስ ካልሆነ ነው።

ወደ ሐራም ባዩ ልመለስ። ሻጭ ከዋጋው ቢቀንስልህ ቅናሽ ነው፤ ከከፈልክ በኋላ ቢመልስልህም ያው ቅናሽ ነው። ሀላሉን ሐራም ማለት ዲን ማጥበቅ አይደለም። ችግሩ ተመላሹ ከግዢ ወጥቶ ከብድር ጋር ሲታሰር ነው። «ይህን ያህል ብር ሳትነካ ካቆየህ ስጦታ አለህ» ከተባልክ፣ ያስቀመጥከው ብር እነሱ ዘንድ ብድር ነው፤ በብድር ላይ በቅድሚያ የተቆረጠ ጥቅም ደግሞ ሪባ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ፤ በ2014 እንደኪሴ መጣ። ሂሳብህ ሲጎድል ይሞላልህና ከአገልግሎት ክፍያ ጋር ትመልሳለህ። ሃምሳ ብር ተመላሽ እንዳያመልጠው ብሎ በብድር ሞልቶ የገዛ ልጅ አውቃለሁ። እሱ የሚያወራው ስለ ሃምሳዋ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ደባርቅ ላይ የማየውን ይዤ ነው። የጊች ሰው፣ አብዛኛው ሙስሊም፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ በ2008 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥቶ እዚህ ሰፈረ። እዚያ ገብሱ ከማሳው፣ ወተቱ ከበረቱ ነበር። እዚህ ሁሉ ነገር በብር ነው። ያንን ብር አባትህ ምን ለቆ እንዳገኘው ታውቃለህ፤ በቦነስ ማስታወቂያ አትጫወትበት።

እናንተም ባለሱቅ ወንድሞቻችን፣ ዋጋ ቆልላችሁ «ተመላሽ አለው» ብላችሁ የምትለጥፉት ወረቀት ማታለል ነው። ጁሙዓ ከኋላችን ስለምትሰግዱ ዝም አንላችሁም።