ወርቅና የወርቅ ሠራተኛው ጤና

ጾሬን በመሳሰሉ የአሶሳ አካባቢ መንደሮች ለሚያድግ ልጅ ወርቅ በተረት ብቻ የሚሰማ ነገር አይደለም። የቤኒሻንጉል ወርቅ ስሙ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ካዘመተባቸው ምክንያቶች አንዱ በዚህ አካባቢ ይገኛል የተባለው ወርቅ ነበር። ዛሬም ብዙ ቤተሰብ አፈሩን በገበቴ እያጠበ፣ ድንጋዩን እየፈለጠ ይተዳደርበታል። ስለዚህ ወርቅ ማውጣት ይቁም ማለት የነዋሪውን ኑሮ አለማወቅ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የወርቅ አውጪው ጤንነት በማን ኃላፊነት ይጠበቃል የሚለው ነው።

በሥራው ላይ ሁለት ዋና ዋና አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው አቧራ ነው። ወርቅ የያዘው ነጭ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ፣ ሲደቀቅ የሚነሣው በዓይን የማይታይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላም ሲሊኮሲስ የተባለውን በሽታ ያስከትላል። በሽታው ፈውስ የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው በአሮጌ ስሙ ባዜቃ ከሚባለው ከሜርኩሪ ነው። ይህ ፈሳሽ ብረት የወርቁን ብናኝ ከደቀቀው አፈር ለቅሞ ይይዛል። ከዚያም ድብልቁ በእሳት ሲቃጠል ሜርኩሪው ይተንና ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ማንም አይጠነቀቀውም። ይሁን እንጂ በትንፋሽ ገብቶ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ የማስታወስን ችሎታ ያዳክማል። ቃጠሎው በመኖሪያ ቤት ሲሆንማ ጉዳቱ ከሠራተኛው አልፎ ነፍሰ ጡሯንና በምድጃው ዙሪያ የሚጫወቱትን ልጆች ያገኛል።

የማዕድን ሥራ ወደ መኖሪያ ግቢ ሲገባ ምን እንደሚከተል የናይጄሪያዋ የዛምፋራ ግዛት አሳይታለች። እርሳስ የተቀላቀለበትን የወርቅ ድንጋይ በየግቢያቸው ሲፈጩ የነበሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2010 በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን በመርዝ አጥተዋል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ እንጀራ ፈላጊ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ዕውቀትና ረዳት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ድሃ ዛሬን በልቶ ማደር እንጂ የነገን በሽታ መፍራት አይችልም» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ መከላከያው ከድሃው አቅም ብዙ የራቀ አይደለምና። ድንጋዩን ውሃ እያርከፈከፉ መፍጨት አቧራውን በእጅጉ ይቀንሳል። ድብልቁን ክዳንና ቧንቧ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ማሞቅ ደግሞ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ስለሚመልሰው፣ ሜርኩሪውን እንደገና ለመጠቀም ያስችላል። ጤናም ገንዘብም ይተርፋል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረመችው የሚናማታ ስምምነትም እንዲወገዱ ከሚላቸው ተግባሮች መካከል ድብልቁን በግልጽ ቦታና በመኖሪያ ሠፈር ማቃጠል ይገኙበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነገር ግን በገበቴ የሚያጥበው ሰው አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው፤ መሣሪያውን ከማን ይጠይቅ?

እንግዲህ የዚህ ጥያቄ መልስ ከወርቁ የሚጠቀም ሁሉ መሆን አለበት። ማኅበራት የጋራ ማቅለጫ ቦታ ከመንደር ርቆ እንዲኖራቸው፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያለ መከላከያ መሣሪያ ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ ነጋዴውም ከትርፉ ለዚሁ እንዲያዋጣ ያስፈልጋል። የተማረው ወጣትም የማይታየውን እንፋሎት ምንነት ለወላጆቹ ማስረዳት ይገባዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ወርቅ ቢጠፋ ተቆፍሮ ይገኛል፤ የተበላሸ ሳንባ ግን ከየትኛውም ጉድጓድ አይወጣም።